ርዕሰ መምህርት ለመሆን በኦንላይን ዶክትሬት ልማር?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። 11 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በምክትልነት 2 ዓመቴ ነው። ማስተርሴ በሥርዓተ ትምህርት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዋና ርዕሰ መምህርት መሆን እፈልጋለሁ። ለዚህ ብዬ በትምህርት አመራር ሦስተኛ ዲግሪ በኦንላይን ልጀምር አስቤያለሁ። ግማሹ ሰው ‹የኦንላይን ዲግሪ የትም አይቆጠርም› ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ‹ቀላል ነው፣ ቶሎ ጨርሺው› ይለኛል። ኢዲዲ (የትምህርት ዶክትሬት) የሚባለው ከፒኤችዲ ያነሰ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መመረቂያ ጽሑፍ ሳልጽፍ በ18 ወር እንደምጨርስ ያስተዋውቃል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሰዎች ከነገሩዎት አብዛኛው ግማሽ እውነት ነው። ትልቁ ስህተት ያለው ግን ማንም ባልተከራከረበት ቦታ ላይ ነው። ዶክትሬቱ ርዕሰ መምህርት ያደርገኛል ብለው ነው የተነሱት። በአብዛኛው አያደርግም።

ዶክትሬት የትምህርት ደረጃ ነው። ርዕሰ መምህርነት ሹመት ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ በብዙ አገር የሙያ ፈቃድ ወይም የሹመት መስፈርት አለ። ቀጣሪው አስቀድሞ የሚያየው ይህን መስፈርት ነው። አሜሪካን ይውሰዱ። የኦንላይን ዶክትሬት ማስታወቂያዎች በብዛት የሚመጡት ከዚያ ነው። የርዕሰ መምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ነው። በአብዛኛው የሚጠየቀው ማስተርስ፣ የተወሰነ ዓመት የማስተማር ልምድ፣ ተግባራዊ ልምምድ ያለበት የአመራር ሥልጠና፣ በብዙ ግዛቶች ደግሞ ፈተና ነው። ዶክትሬት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2009 ለአዲስ ርዕሳነ መምህራን ግዴታ ያደረገችው ዲግሪ አልነበረም። ግዴታ የተደረገው በሥራ ላይ የሚወሰድ ብሔራዊ የርዕሰ መምህርነት የብቃት ማረጋገጫ ነበር። እሱም ቢሆን በ2012 ግዴታነቱ ቀርቶ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ሆነ።

ስለዚህ እርስዎ የጎደለዎት ነገር ምን እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ። ማስተርስዎ በሥርዓተ ትምህርት ነው። 11 ዓመት አስተምረዋል። ሊጎድልዎት የሚችለው የአመራር ሥልጠናውና በሰነድ የተመዘገበ ልምምዱ ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ተኩል አካባቢ የሚያልቅ ነገር ነው። ለዚህ ብሎ አራት ዓመት የሚፈጅ ዶክትሬት መጀመር መንገዱን ያረዝመዋል። የባሰው ነገር ደግሞ አንዳንድ የኦንላይን ዶክትሬቶች ወደ ሙያ ፈቃድ ጨርሶ አለማድረሳቸው ነው። ይህንን በድረ ገጻቸው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። ሰው ሁለት ዓመት ከፍሎ ከተማረ በኋላ ነው የሚያነበው።

በማስተርስና በዶክትሬት መካከል ያለ አንድ ደረጃም አለ። አሜሪካኖች ኢዲኤስ ወይም የትምህርት ስፔሻሊስት ዲግሪ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከማስተርስ በላይ 30 ክሬዲት አካባቢ ነው። እንደ ዶክትሬት ያለ ትልቅ መመረቂያ ጽሑፍ በአብዛኛው የለውም። በብዙ ፕሮግራሞች ከፈቃድ ሥልጠናው ጋር ተያይዞ ይሰጣል። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ከዶክትሬቱ ይልቅ የሚስማማው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው። ከአሜሪካ ውጭ እምብዛም አይታወቅም። በሌላ አገር የአቻ ግመታ (ዲግሪው ከየትኛው ደረጃ እኩል እንደሆነ መመዘን) ሲደረግለት ከማስተርስ እኩል ሊቆጠር ይችላል። ዲግሪውን የሚጠቀሙበት አገር ሌላ ከሆነ ይህን ሳያጣሩ አይግቡ።

አሁን ወደ ኢዲዲና ፒኤችዲ እንምጣ። «ያነሰ ነው» የሚለው ወሬ ከየትም አልመጣም። ሃርቫርድ የትምህርት ዘርፍ ኮሌጁን በ1920 ሲያቋቁም ኢዲዲን ለትምህርት ባለሙያዎች የሚሰጥ ዶክትሬት አድርጎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኢዲዲው የፒኤችዲ ቀለል ያለ ግልባጭ ሆኖ ቆየ። ኮርሱ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ ጥብቅነቱ ግን ያነሰ። በ2005 በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት አርተር ሌቪን ስለ ትምህርት አመራር ሥልጠና ባወጡት ሪፖርት ኢዲዲ ጭራሽ ይቅር እስከ ማለት ደረሱ። ያ ሪፖርት ብዙዎችን አስቆጣ፤ ግን ደግሞ አነቃ። በ2007 በካርኔጊ ስም የሚጠራ የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ኢዲዲን እንደገና ለመቅረጽ ተነሳ። ዛሬ ከመቶ በላይ ተቋማት በአባልነት አሉበት። የያዙት ሐሳብ ቀላል ነው። ፒኤችዲ ተመራማሪ ያወጣል፤ ኢዲዲ ደግሞ በራሱ የሥራ ቦታ ያለን ችግር በምርምር ዘዴ መርምሮ የሚያሻሽል መሪ ያወጣል።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። አንዲት ምክትል ርዕሰ መምህርት «የተማሪዎች መቅረት» የሚል ርዕስ ይዛ ትመጣለች እንበል። አማካሪዋ ወዲያው ይጠይቃታል። የትኞቹ ተማሪዎች? የትኛው ቀን? የትኛው ክፍለ ጊዜ? የስም መጥሪያ መዝገቡን አውጥታ ስትቆጥር ቀሪው የተከማቸው 9ኛ ክፍል ላይ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ያውም ሰኞ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ዝቅ ብላ ስታይ ደግሞ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ አሉ። ቀርተው ሳይሆን አርፍደው ነው። መምህሩ ስም የሚጠራው ገና ክፍል እንደገባ ነው። በሩ ደግሞ የተዘጋበት ልጅ እስከ ክፍለ ጊዜው ማብቂያ ውጭ ይቆያል። አሁን ጥያቄዋ ተለወጠ። የማርፈድ ደንቡ ራሱ ልጆቹን ከትምህርት እያራቃቸው ነው ወይ? ደንቡ ቢቀየርስ በአንድ ሴሚስተር ምን ይለወጣል? ጥሩ ኢዲዲ የሚሠራው ይህን ነው። የፒኤችዲ ተማሪ ግን ያንኑ ጉዳይ ይዞ በብዙ ትምህርት ቤቶች የቅጣት ደንብና የመቅረት ግንኙነት ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው ይጠይቃል። ሁለቱም ከባድ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማርና መመራመር የሚፈልግ ፒኤችዲ ይማር። ትምህርት ቤት ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤት መምራት የሚፈልግ ኢዲዲ ይበቃዋል። እንዲያውም ይሻለዋል።

«ኦንላይን አይቆጠርም» ላሉዎት ሰዎች። የሚቆጠረው ወይም የማይቆጠረው ዕውቅናው እንጂ የማስተማሪያ መንገዱ አይደለም። በ1969 የተመሠረተው የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል፤ ዲግሪውም ሙሉ ዲግሪ ነው። በትምህርቱ ጥራት በኩልም የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2010 ያሳተመው የጥናቶች ማጠቃለያ አለ። በአማካይ በኦንላይን የተማሩት በአካል ብቻ ከተማሩት በመጠኑ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ያሳያል። ይህን ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። የጥናቱ አዘጋጆች ራሳቸው እንዳሉት ልዩነቱ የመጣው ከኢንተርኔቱ ላይሆን ይችላል። ኦንላይን የተማሩት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የጥናት ሰዓትና ተጨማሪ ማስተማሪያ ነበራቸው። ማለትም ሰዓት የሰጠ ይማራል፤ ያልሰጠ አይማርም። «ቀላል ነው» የሚሉዎት ይህን አያውቁም ማለት ነው።

ስለ ዕውቅና የምለው አጭር ነው፤ ግን አይዝለሉት። ዩኒቨርሲቲው ባለበት አገር ሕጋዊ ዕውቅና እንዳለው ከዩኒቨርሲቲው አፍ ሳይሆን ከዕውቅና ሰጪው ያረጋግጡ። ለአሜሪካ ተቋማት የትምህርት ሚኒስቴሩ ለማንም ክፍት የሆነ መፈለጊያ አለው። ቀጥሎ ዲግሪውን የሚጠቀሙበት አገር የአቻ ግመታ መሥሪያ ቤት ዘንድ ይሂዱ። የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ፕሮግራም፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የተገኘ ዶክትሬት ትቀበላላችሁ ወይ?» አንዳንድ አገሮች በአካል የተገኙበትን ጊዜ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ያኔ ፓስፖርትዎ ላይ የመግቢያ ማኅተም ከሌለ መከራከር ዋጋ የለውም።

የ18 ወሩን ማስታወቂያ በሚመለከት ግን ቆም ይበሉ። «መመረቂያ ጽሑፍ የለም» ማለት ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ዕውቅና ያላቸው አንዳንድ ኢዲዲዎች ባለ አምስት ምዕራፉን የተለመደ ጽሑፍ ትተው በተግባር ችግር ላይ የሚሠራ ፕሮጀክት ተክተዋል። አንዳንዶቹም በቡድን ያሠራሉ። ግን ፕሮጀክቱ መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተንና ውጤቱን በዩኒቨርሲቲው መምህራን ፊት ቀርቦ ማስረዳት ሊኖርበት ይገባል። ከዚህ ውስጥ አንዱም ከሌለ የሚከፍሉት ለወረቀት ነው። ሌሎች ምልክቶችም አሉ። «የሥራ ልምድዎን ወደ ክሬዲት እንቀይራለን» ብለው ግማሹን ዲግሪ ከሰጡዎት፣ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ጠቅልለው ከጠየቁ፣ በየቀኑ እየደወሉ «ቅናሹ ነገ ያበቃል» ካሉ፣ የዕውቅና ሰጪው ስም ከእነሱ ድረ ገጽ ውጭ የትም ከሌለ ይሽሹ። በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ አክሳክት የተባለውን የፓኪስታን ኩባንያ ሲያጋልጥ የተገኘው ይህ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐሰት ትምህርት ቤት ድረ ገጾች፣ ከነሐሰት ዕውቅና ሰጪዎቻቸው፣ በአንድ ኩባንያ ሥር ይሠሩ ነበር። የሐሰት ዲግሪ ይዞ የተገኘ ርዕሰ መምህር ሹመቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ለተማሪዎች ስለ ኩረጃ አንድ ቃል መናገር አይችልም።

ፕሮግራሙ እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ውስጡን ይዩ። ብዙ ሰው የሚያየው ክፍያውንና የሚፈጀውን ጊዜ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የኮርስ ዝርዝሩን አነባለሁ። የኒውዚላንዷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ2008 ባሳተመችው የጥናቶች ማጠቃለያ ትምህርት ላይ ያተኮረ አመራር በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ ራዕይ በማሳየትና በማነሳሳት ላይ ካተኮረው አመራር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ትልቅ ውጤት የታየው ርዕሰ መምህሩ መምህራን የሚማሩበትን መድረክ ሲያመቻች፣ ራሱም አብሯቸው ቁጭ ብሎ ሲማር ነው። እንግዲህ ዝርዝሩን በዚህ ዓይን ይዩት። ስለ ራዕይ፣ ስለ ለውጥ፣ ስለ መሪ ስብዕና አምስት ኮርስ ኖሮ ክፍል ገብቶ ትምህርት ስለመመልከት፣ ለመምህር ግብረ መልስ ስለመስጠት፣ የተማሪ ውጤት መረጃ ስለማንበብ አንድም ከሌለ ፕሮግራሙ ደካማ ነው። በጀትና የሥራ ሕግም መኖር አለባቸው። ርዕሰ መምህር በጀት አላነብም ማለት አይችልም።

ሁለተኛው ነገር መመረቂያ ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ነው። የዶክትሬት ተማሪ የሚወድቀው ኮርስ ላይ አይደለም። ኮርሱን ጨርሶ፣ አሳይመንቱ ቆሞ፣ የባች ጓደኞቹ ተበትነው፣ ብቻውን ከባዶ ገጽ ጋር ሲቀር ነው። በአሜሪካና በካናዳ በሁሉም ዘርፎች በተደረገ አንድ ትልቅ ክትትል በ10 ዓመት ውስጥ ፒኤችዲያቸውን የጨረሱት 57 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ አብዛኞቹ በአካል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በኦንላይን መጥፋት ይበልጥ ቀላል ነው፤ አንድ ወር ባይገቡ የሚያስታውስዎት የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ችግርዎን እያጠበቡ፣ እያንዳንዱን ኮርስ ለመመረቂያ ሥራዎ አንድ ቁራጭ እያደረጉ የሚያስኬድ ፕሮግራም ይምረጡ። በባች ገብቶ በባች የሚወጣ ይሁን። አማካሪው መቼ እንደሚመደብ፣ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደያዘ፣ የላኩለትን ምዕራፍ በስንት ቀን አንብቦ እንደሚመልስ ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ የሌለው ዩኒቨርሲቲ አማካሪ የለውም ማለት ነው።

ክፍያንም ከዚሁ ጋር ያስቡት። ማስታወቂያው የሚነግርዎት የኮርሱን ዋጋ ነው። ኮርስ ካለቀ በኋላ ጽሑፉ እስኪጸድቅ በየሴሚስተሩ የሚከፈል የመዝገብ ማቆያ ክፍያ በብዙ ቦታ አለ። የዘገየ ተማሪ በጀት የሚናጋው እዚህ ላይ ነው። በአካል የሚገኙባቸው አጫጭር ቆይታዎች ካሉ የጉዞና የቪዛ ወጪውም የእርስዎ ነው።

በራስዎ ትምህርት ቤት ላይ ማጥናት ጥሩ ነው ብያለሁ፤ ግን አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለበት። እርስዎ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነዎት። መምህራኑን የሚገመግሙት እርስዎ ነዎት። ነገ መጠይቅ ይዘው ቢሄዱ «አይ፣ አልሳተፍም» የሚልዎት ማን ነው? እሺ ያለዎት መምህርስ እውነቱን ይነግርዎታል? የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን ጉዳይ ማንሳቱ አይቀርም፤ ማንሳቱም ተገቢ ነው። መፍትሔ አለው። ቃለ መጠይቁን ሌላ ሰው ያድርገው፣ ስምና መለያ ተነቅሎ ይምጣልዎት፤ ወይም እርስዎ የማይገመግሙትን ክፍል ይምረጡ፤ ወይም ከሰው ይልቅ መዝገብ ላይ ይሥሩ። የበላይ ኃላፊዎችም መረጃውን እንዲጠቀሙ በጽሑፍ ይፍቀዱልዎት። በቃል «ችግር የለም» ያለ ኃላፊ ሲዛወር ጥናቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጊዜን በተመለከተ በሳምንት ከ12 እስከ 15 ሰዓት ያለማቋረጥ ማግኘት ካልቻሉ አይጀምሩ። «ማታ ማታ እሠራዋለሁ» አይበቃም። የምክትል ርዕሰ መምህርት ማታ ምን እንደሚመስል ያውቁታል፤ የወላጅ ስልክ፣ ያልተሸፈነ ክፍለ ጊዜ፣ ነገ የሚላክ ሪፖርት። የፈተናና የምዝገባ ሳምንታትዎን ከዩኒቨርሲቲው የሴሚስተር ሰሌዳ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያወዳድሩ። የቀጥታ ክፍሎቹ በእርስዎ ሰዓት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚውሉ ከሆነ ሦስት ዓመት አይችሉትም። ሲጨንቅዎት ደግሞ «መመረቂያ ጽሑፍ እናዘጋጃለን» የሚሉ ነጋዴዎች ይመጣሉ። አንድ ገጽ እንኳ አይግዙ። ዲግሪ ከተሰጠ ከዓመታት በኋላም ይነጠቃል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዘንድሮ ዶክትሬት አይጀምሩ። ግብዎ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋና ርዕሰ መምህርት መሆን ከሆነ ወደዚያ የሚያደርስዎት ዕውቅና ያለው፣ ልምምድ ያለበት የአመራር ሥልጠና ነው። ኢዲኤስ ይሁን ሌላ የፈቃድ ፕሮግራም፣ በኦንላይን ይማሩት። ልምምዱን ግን በአካል፣ ከተቻለ ከራስዎ ውጭ በሆነ ትምህርት ቤት፣ በጎበዝ ርዕሰ መምህር ሥር ያድርጉት። በእኔ እምነት ከሁሉም ኮርሶች የበለጠ የሚያስተምርዎት ይህ ነው። የራስዎን ትምህርት ቤት ችግር ያውቁታል፤ ሌላው እንዴት እንደሚፈታው ማየት ነው የሚያስፈልግዎት። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዓመት ትርምስ ሲሰክን፣ ኢዲዲውን ይጀምሩ። ያኔ የሚያጠኑት ችግር በእጅዎ ይሆናል፤ ደንብ ለመቀየርም ሥልጣኑ ይኖርዎታል። እስከዚያ መረጃ ያጠራቅሙ። የቀሪ መዝገብ፣ የመምህራን የሥራ ልቀቂያ፣ የክፍል ምልከታ ማስታወሻዎች። ኢዲኤስ ከወሰዱ ክሬዲቱን ኢዲዲ ላይ የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች ስላሉ ይህንንም ከወዲሁ ይጠይቁ።

ከዚህ የምለየው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። ቀጣሪዎ ለሹመቱ ዶክትሬት እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ካሳየዎት፣ ወይም ሐሳብዎ ተቀይሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ካዘነበሉ። በመጀመሪያው ኢዲዲ፣ በሁለተኛው ፒኤችዲ፤ በሁለቱም ሁኔታ ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ኢሜይል ይላኩ። አንዱን ለቀጣሪዎ ወይም ለፈቃድ ሰጪው፦ «ለርዕሰ መምህርነት የሚጎድለኝ መስፈርት የትኛው ነው?» ሌላውን ላሰቡት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር፦ «ፕሮግራማችሁ እኔ በምሠራበት ቦታ ወደ ሙያ ፈቃድ ያደርሳል? ልምምዱን የት ነው የምሠራው? ማንስ ይፈርምልኛል?» መልሱ በስልክ ከመጣ ያንኑ በኢሜይል እንዲደግሙልዎት ይጠይቁ። እስኪጽፉልዎት ድረስ የማመልከቻ ክፍያ እንኳ አይክፈሉ።